ዳባት ላይ የተቆጠረ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ

ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ ዳባት ይገባል። ከዚያ ደባርቅ፣ ከደባርቅ ደግሞ የሊማሊሞ ቁልቁለት። መንገደኛው አብዛኛውን ጊዜ ዳባትን በመስኮት አይቶ ያልፋታል፤ ልቡ ያለው ጭላዳና ዋልያ ካሉበት ከስሜን ተራሮች ነው። የሕዝብ ጤና ተመራማሪ ግን ተራራውን ሳያውቅ ዳባትን ሊያውቃት ይችላል። በ1996 የያኔው የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ በወረዳዋ የተመረጡ ቀበሌዎችን ቤት ለቤት ቆጠረ፤ ለያንዳንዱ ቤትና ለያንዳንዱ ነዋሪ መለያ ቁጥር ሰጠ፤ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የገባውንና የወጣውን መከታተል ጀመረ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶችና ወራት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአማርኛ የተጠየቀው፣ በአማርኛ የተመለሰው ነገር ሁሉ በመጨረሻ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ለዓለም ይወጣል። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ አንድ የስታቲስቲክስ ቃል ያለቦታው ከገባ፣ ዳባት ውስጥ ያልሆነ ነገር እንደሆነ ተደርጎ ይነበባል።

የጎንደር ሰዎች በቁጥር መጻፍ የጀመሩት በ1996 አይደለም። የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን የሚያሠለጥነው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው በ1954 ነበር። አራት ዓመት ያህል ቆይቶ ትልቅ ፈተና መጣ። በ1958 የወባ ወረርሽኝ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ተነስቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። ፎንቴይንና ባልደረቦቹ በ1961 ባሳተሙት ጥናት የታመመው ሕዝብ 3 ሚሊዮን፣ የሞተው 150,000 እንደሚሆን ገመቱ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች እስካሁን በየጥናቱ መግቢያ ላይ ይገኛሉ። መነሻቸው ግን ግምት ነው፤ በተወሰኑ ቦታዎች ከታየው ተነስቶ ወደ ሰፊው አገር የተዘረጋ ስሌት ነው። ያን ሁሉ ሞት አንድ በአንድ የጻፈ መዝገብ አልነበረም። ዓመታት እያለፉ፣ አንዱ ጸሐፊ ከሌላው ሲቀዳ፣ “ተገምቷል” የሚለው ግሥ “ተመዝግቧል” ወደሚለው ያዘነብላል። ቁጥሩ ያው ነው፤ የተለወጠው ቁጥሩ የተገኘበት መንገድ ነው፤ የተለወጠውም በአንዲት ግሥ ብቻ ነው።

የአገሪቱ የመጀመሪያው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በ1984 ሲካሄድም ይኸው ችግር ነበር። ጦርነት የነበረባቸው ሰፊ አካባቢዎች ሳይቆጠሩ በግምት ተሞሉ። ሁለተኛው ቆጠራ በ1994፣ ሦስተኛው በ2007 ተደረገ። በአሥርና በአሥራ ሦስት ዓመት አንዴ የሚመጣ ቆጠራ ሕዝቡ ስንት እንደሆነ ይነግራል እንጂ፣ ባለፈው ክረምት የተወለደው ልጅ ዘንድሮ አለ ወይ ለሚለው መልስ የለውም። ለዚህ ሌላ ዓይነት ሥራ ያስፈልግ ነበር። በኢትዮጵያ መንገዱን የከፈተችው ቡታጅራ ናት። በ1980ዎቹ አጋማሽ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች እዚያ የጀመሩት የገጠር ጤና ፕሮጀክት፣ በዶክተር ደስታ ሻሜቦ ስም በሰፊው የሚታወቀው፣ ሕዝብን ሳያቋርጡ የመከታተልን ዘዴ አገሩ ውስጥ ተከለ። ዳባት ቀጠለች። ከዚያ ጅማ ዩኒቨርሲቲ በግልገል ጊቤ፣ ሐሮማያ በቀርሳ፣ መቀሌ በክልተ አውላዕሎ፣ አርባ ምንጭም በራሱ አካባቢ ተከተሉ።

ዳባት በደጋም በወይና ደጋም በቆላም ያሉ ቀበሌዎች አሏት። ክትትሉ ከጊዜ በኋላ እየሰፋ ሄዶ 13 ቀበሌዎችን ያቀፈ ሆነ፤ አራቱ የከተማ፣ ዘጠኙ የገጠር። መረጃ ሰብሳቢው ቅጹን ይዞ፣ አሁን አሁን ደግሞ ታብሌቱን ይዞ፣ በየቤቱ ደጋግሞ ይሄዳል። ባለፈው ጊዜ የተጻፉትን የቤተሰብ አባላት አንድ በአንድ ይጠራል፦ እገሌ አለ? ልጅቷ ከጎንደር ተመለሰች? ያገባ፣ የተፋታ፣ ያረገዘ አለ? ሰው ከሞተ ደግሞ ሐዘኑ ጋብ እስኪል ተጠብቆ፣ በሽተኛውን ያስታመመ የቅርብ ዘመድ ስለ ሕመሙ ይጠየቃል፤ ትኩሳት ነበረው ወይ፣ ለስንት ቀን፣ ያስለው ነበር ወይ። መልሱን ሐኪሞች አንብበው የሞቱን ምክንያት ይወስናሉ። ይህ አሠራር በእንግሊዝኛ ቨርባል አውቶፕሲ ይባላል። መስጋናው ፋንታሁን በሰሜን ጎንደር ሦስት ወረዳዎች በዚሁ ዘዴ የሕፃናትን ሞት አጥንተው በ1998 በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል አሳትመዋል። እንዲህ ያለ ጥናት ላይ “በሳንባ ምች ሞተ” ብሎ መጻፍና “በቤተሰብ ቃል መሠረት የሳንባ ምች ሳይሆን አይቀርም ተባለ” ብሎ መጻፍ እኩል አይደሉም። ሁለተኛው ይረዝማል፤ እውነቱም ያለው እሱ ጋ ነው።

የቃሉ ክብደት ከሁሉ በላይ የሚታየው አራስ ሕፃን የሞተበት ቤት ነው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና በሚነሱበት አገር፣ ከዚያ በፊት ያረፈ ሕፃን ስም ሳይወጣለት፣ ለቅሶውም ሳይሰፋ ሊቀበር ይችላል። እናቱ ካልተጠየቀች መዝገብ ላይ አይገባም። ስትጠየቅም ጥያቄው በጥንቃቄ ነው፦ «ሲወለድ አልቅሶ ነበር? ተንቀሳቅሶ ነበር? ተንፍሶ ነበር?» አንዱን እንኳ አዎ ካለች ሕፃኑ በሕይወት ተወልዶ ሞቷል፤ ሁሉንም የለም ካለች ሞቶ ተወልዷል። በእንግሊዝኛው ወረቀት ላይ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ዓምዶች ናቸው፤ የመጀመሪያው በጨቅላ ሕፃናት ሞት መጠን ውስጥ ይቆጠራል፣ ሁለተኛው አይቆጠርም። ሁለቱን አቀላቅሎ አንድ ስም የሚሰጥ ጸሐፊ የቃላት ስሕተት ብቻ የሠራ ሊመስለው ይችላል። የሠራው ግን ያቺ እናት የመለሰችውን መልስ መሰረዝ ነው።

ስለ ቀንም እንዲሁ ነው። እናት የልጇን ልደት የምትናገረው በሚካኤል ማግስት፣ በጥምቀት ሰሞን፣ ወይ ገብስ ሲታጨድ ብላ ነው፤ ሽማግሌው ዕድሜያቸውን በ77ቱ ድርቅ፣ ደርግ በገባበት፣ ኢሕአዴግ በገባበት ያሰሉታል። (77 በእኛው አቆጣጠር ነው።) የኢትዮጵያ ቆጠራዎች ሁሉ ላይ በ0 እና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች ከጎረቤቶቻቸው አብልጠው ተከምረው የሚታዩት ለዚህ ነው። በ2000 የተጀመረው ብሔራዊው የሕዝብና ጤና ዳሰሳ ቀኖችን የሚመዘግበው በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ነው፤ የወራቱን ኮድ ወደ አውሮፓውያኑ ለመለወጥ 92 መደመር ያስፈልጋል። ይህን ያላወቀ የውጭ ተንታኝ ሁሉንም ነገር በሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ይጎትተዋል።

እንግዲህ የዳባት መዝገብ ትልቁ ሀብት ጊዜ ነው። አንድ ተመራማሪ ቅጹን ይዞ አንድ ወር ያህል በየቤቱ ዞሮ ቢመለስ፣ ሊናገር የሚችለው በዚያ ወር ስንት ሰው ታሞ እንደተገኘ ነው፤ ይህ ፕሪቫለንስ ይባላል። ስንት ሰው በዓመት ውስጥ አዲስ እንደታመመ ለመናገር ግን ያልታመሙትን አስቀድሞ ማወቅ፣ ከዚያም መከተል ይጠይቃል፤ ይህ ኢንሲደንስ ነው። ሁለተኛውን ቃል ለመጻፍ ማካፈያው ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ ሰዎች በክትትል ላይ የቆዩበት ጊዜ ነው። ለሥራ ወደ ጎንደር ወርዳ በስድስት ወሯ የተመለሰች ልጅ ለዚያ ዓመት የምታዋጣው ግማሽ ዓመት ነው። የዳባት መረጃ ሰብሳቢ «ልጅቷ መቼ ሄደች? መቼ ተመለሰች?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ስለዚህ ኢንሲደንስ፣ ኮሆርት (በጊዜ የሚከተሉት ቡድን)፣ ሃዛርድ (በየወቅቱ የሚታይ የአደጋ ፍጥነት) የሚሉትን ቃላት ለመጻፍ መብት የሚሰጠው የኮምፒዩተር ፕሮግራም አይደለም። ያ መብት የሚገኘው ደጋግሞ ከተንኳኳ በር ነው። በአንድ ጊዜ ዳሰሳ የተሠራን ጥናት በእነዚህ ቃላት ማስዋብ ያልተሄደበትን መንገድ እንደ ሄዱት ማውራት ነው።

ዳባት ላይ የተሠሩ ሥራዎች ይህን መብት በሚገባ የተጠቀሙበትም አሉ። ጋሻው አንዳርጌ፣ የማነ ብርሃኔ፣ ዓለማየሁ ወርቁና ይግዛው ከበደ በ2015 ያሳተሙት ጥናት ሕፃናትን በጊዜ እየተከተለ የእናት ጡት ብቻ ማጥባት ለሕፃኑ በሕይወት መቆየት ከሁሉ የጠነከረ ፕሬዲክተር መሆኑን በርዕሱ ላይ አስቀምጧል። ፕሬዲክተር የሚለው ቃል የተወሰነ ነገር ነው የሚለው፤ ይህን ካወቅህ ያንን ቀድመህ መገመት ትችላለህ ይላል። “ይህ ያንን አመጣ” አይልም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ሕይወት አለው፤ ምክንያቱም ገና ሲወለድ የደከመ ሕፃን መጥባት ያቅተዋል፤ ጡት አለመጥባቱና መሞቱ ከአንድ ምንጭ ሊመጡ ይችላሉ። ሕፃኑን በተደጋጋሚ መጎብኘት ይህን ለመለየት ይረዳል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ የተመለሰ ግን መለየት አይችልም። አንባቢው፣ በተለይ ፖሊሲ አውጪው፣ ፕሬዲክተርን “ምክንያት” ብሎ ለማንበብ ይቸኩላል። ጸሐፊው ከቃሉ ጎን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምርለት ያን ችኮላ ይገታዋል።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደተበላሸው ቃል እንምጣ፤ ኦድስ ሬሾ።

ነገሩ የጀመረው በደግ ምክንያት ነው። ጀሮም ኮርንፊልድ የተባለ አሜሪካዊ ስታቲስቲሺያን በ1951 አንድ ነገር አሳየ፦ በሽታው ብርቅ ከሆነ፣ ኦድስ ሬሾው ከሪስክ ሬሾው ጋር ይቀራረባል። በርክሰን በ1944 ለኦድስ ሎጋሪዝም “ሎጂት” የሚለውን ስም አውጥቶ ነበር፤ ዴቪድ ኮክስ በ1958 ሎጂስቲክ ሪግሬሽንን፣ ውጤቱን በኦድስ ሬሾ የሚሰጠውን ስሌት፣ በሰፊው አደላደለው፤ ኮምፒዩተር ሲመጣ ኦድስ ሬሾ ከማንኛውም ሶፍትዌር በአንድ ትዕዛዝ የሚወጣ ቁጥር ሆነ። በኢትዮጵያም መረጃው ኤፒ ኢንፎ ላይ ይገባል፣ ወደ ኤስፒኤስኤስ ይዛወራል፣ ሠንጠረዡ ይወጣል። ሠንጠረዡ ላይ 4 ከተጻፈ፣ ወረቀቱ ላይ “አራት እጥፍ የመሆን ዕድል አላቸው” ተብሎ ይተረጎማል።

ለምሳሌ ያህል ሁለት መንደር እንውሰድ። በአንዱ ከ100 እናቶች 80ዎቹ ጤና ተቋም ወለዱ፣ በሌላው 50ዎቹ። በመጀመሪያው መንደር ተቋም የወለዱት ቤት ከወለዱት ጋር ሲነጻጸሩ 80 ለ20 ናቸው፤ ማለትም 4። በሁለተኛው 50 ለ50፤ ማለትም 1። ኦድስ ሬሾው 4 ይሆናል። እናቶቹን ራሳቸውን ብንቆጥር ግን 80 ለ50 ነው፤ 1.6 እጥፍ፤ ሪስክ ሬሾ የሚባለው ይህ ነው። “አራት እጥፍ” የሚለው ዓረፍተ ነገር የጤና ቢሮ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ፣ አንዱ መንደር ከሌላው በእጅጉ የተሻለ ይመስላል። ይበልጣል፤ ግን የተባለውን ያህል አይደለም።

አሁን ይህን ከአገሪቱ ታሪክ ጋር ማያያዝ ይገባል፤ ብዙ ሰው ያላስተዋለው እዚህ ላይ ነው። በብሔራዊው ዳሰሳ መሠረት በ2005 ጤና ተቋም ውስጥ የተወለዱት ልጆች ከመቶ 5 ነበሩ። በ2011 10፣ በ2016 26፣ በ2019 48 ደረሱ። ከመቶ 5 እና ከመቶ 10ን ስናነጻጽር ሪስክ ሬሾው 2፣ ኦድስ ሬሾው 2.1 ነው፤ ተቀራራቢ ናቸው። የ2005 ጸሐፊ ኦድስን እንደ ሪስክ ቢያነበው ጉዳቱ ትንሽ ነበር። ሴቶቹ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ሲጀምሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ሲያስተምሩ፣ አምቡላንስ መንደር ሲደርስ፣ ነገሩ ብርቅ መሆኑ ቀረ። ዓረፍተ ነገሩ ግን አልተለወጠም። ያው የ2005 አጻጻፍ ከአንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ ወደ ሌላው እየተቀዳ 2019 ደረሰ፤ ድሮ ለእውነት ይቀርብ የነበረው ንባብ አገሩ ስለተሻሻለ ብቻ ስሕተት ሆነ። ክትባትም፣ የእርግዝና ክትትልም እንዲሁ ናቸው። ብርቅ ላልሆነ ነገር ሪስክ ሬሾን ወይም ፕሪቫለንስ ሬሾን በቀጥታ የሚያወጡ ዘዴዎች ካሉ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ኦድስ ሬሾን መጠቀም የፈለገም ኦድስ ብሎ መጻፍ ይችላል፣ ከጎኑም ጥሬ መቶኛዎቹን ማስቀመጥ።

ይህን ስሕተት ለቋንቋ ባዕድነት መስጠት ይቀናናል። አማርኛችን ለኦድስም፣ ለፕሮባቢሊቲም፣ ለሪስክም፣ ለቻንስም “ዕድል” ብሎ ስለሚያልፍ፣ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ሲሄድ ቢያደባልቃቸው አይደንቅም። ግን እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው የሆኑትም ወድቀውበታል። በ1999 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን ላይ የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሐኪሞች ለልብ ምርመራ የሚልኳቸውን ሕመምተኞች አነጻጸረ፤ ለሴቶችም ለጥቁሮችም ኦድስ ሬሾው 0.6 ሆነ። የዜና አውታሮች “ሴቶችና ጥቁሮች የመላክ ዕድላቸው በ40 በመቶ ያነሰ ነው” ብለው አስተጋቡ። ሽዋርትዝ፣ ዎሎሺንና ዌልች በዚያው ዓመት በዚያው መጽሔት ላይ መቶኛዎቹን አወጡ፤ ለሴቶችም ለጥቁሮችም 84.7፣ ለወንዶችም ለነጮችም 90.6 ነበሩ። በሪስክ ሬሾ ሲሰላ ልዩነቱ 7 በመቶ ያህል እንጂ 40 አልነበረም። መድልዎ የለም ማለት አይደለም፤ መጠኑ ግን ሌላ ነው። ቋንቋው የእነሱ ነበር፤ ቃሉም ሊቃውንቱ የፈጠሩት ነበር፤ ስሕተቱ ግን ያው የእኛው ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ተለምዶ የከረመ መደባለቅ መልቲቫሪየት የሚለው ነው። በኢትዮጵያ የሕዝብ ጤና ወረቀቶች ውስጥ አንድ አንቀጽ በቃል የተጠና ያህል ይደጋገማል፦ መጀመሪያ “ባይቫሪየት” ትንተና ተሠራ፤ ፒ ቫልዩአቸው (በአጋጣሚ ብቻ ቢሆን እንዲህ ያለ ውጤት የሚታይበት ዕድል) ከ0.2 በታች የሆኑት ወደ “መልቲቫሪየት” ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ገቡ፤ ከ0.05 በታች የሆኑት ተያያዥነት አላቸው ተባለ። መልቲቫሪየት ማለት ግን ውጤቶቹ ከአንድ በላይ ሲሆኑ ነው፤ ለምሳሌ የአንድ ልጅ ክብደትና ቁመት አብረው ሲተነተኑ። ውጤቱ አንድ ሆኖ ገላጮቹ ብዙ ሲሆኑ ስሙ መልቲቫሪያብል ነው። ሂዳልጎና ጉድማን በ2013 በአሜሪካን ጆርናል ኦቭ ፐብሊክ ኸልዝ ባወጡት ጽሑፍ፣ በዚያ መጽሔት በአንድ ዓመት ውስጥ መልቲቫሪየት የሚለውን ቃል ከተጠቀሙ 30 ጽሑፎች 25ቱ በትክክል መልቲቫሪያብል እንደነበሩ አሳይተዋል። ይህ የጥቂት ፊደል ጉዳይ ነው፤ እንደ ኦድሱ ሰውን በቁጥር አያሳስትም። ስለዚህ ሁለቱ ስሕተቶች በአንድ ደረጃ ሊታዩ አይገባም። ገምጋሚው ፊደሉን አርሞ ኦድሱን ካለፈው፣ ያረመው የሚያምረውን ነው እንጂ የሚጎዳውን አይደለም።

0.2ም ታሪክ አላት። መነሻዋ ሆስመርና ለምሾ በ1989 ባሳተሙት የሎጂስቲክ ሪግሬሽን መጽሐፍ ውስጥ ያለች የ0.25 ምክር ናት። ምክር ሆና የተወለደችው ነገር ዳባትም ደባርቅም ደሴም ላይ ሕግ ሆናለች። ከመጀመሪያውም ቢሆን መጽሐፉ ከስሌቱ በፊት የዘርፉን ዕውቀት መጠቀም ያስፈልጋል ይላል። የእናት ትምህርት በልጅ ጤና ላይ የሚያመጣውን ለማየት የሚሻ ሰው፣ የቤተሰቡን ሀብት ከስሌቱ የሚያወጣው ፒ ቫልዩው 0.21 ስለሆነ ከሆነ፣ ስለ ዳባት ቤተሰብ ኑሮ የሚያውቀውን ሁሉ ለአንድ ቁጥር አስረከበ ማለት ነው። ጎንደር ላይም ሆነ በቅርብ ዓመታት በተከፈተው የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪው የሚጽፈው ከእሱ በፊት የተመረቀውን ልጅ ጽሑፍ ከጎኑ አስቀምጦ ነው። ተጠያቂው እሱ አይደለም፤ የተሰጠውን ይዟል። አማካሪው አንድ ከሰዓት ሰጥቶ “ይህችን 0.2 ከየት አመጣሃት?” ብሎ ቢጠይቀው፣ የተማሪው ትምህርት ሁሉ በዚያች ጥያቄ ይፈተናል።

“ሲግኒፊካንት” የሚለው ደግሞ ሮናልድ ፊሸር በ1925 መጽሐፉ ያስለመደው ነው፤ ትርጉሙ በአጋጣሚ ብቻ ሊመጣ የማይቀልለው ማለት እንጂ “ትልቅ” ወይም “ጠቃሚ” ማለት አይደለም። የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር በ2016 በይፋ መግለጫ ያስጠነቀቀውም ይህንኑ ነው። ብዙ ሺህ ሰው ያለበት እንደ ዳባት ያለ መዝገብ ላይ ትንሿ ልዩነት ሁሉ ሲግኒፊካንት ልትሆን ትችላለች።

ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲወጣ ቆጠራው ወደ እንስሳት ይሸጋገራል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው ደባርቅ ነው። ፓርኩ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገባ፤ በ1996፣ ያው የዳባት ቆጠራ በተጀመረበት ዓመት፣ አደጋ ላይ ካሉት ተመደበ፤ በ2017 ከዚያ ዝርዝር ወጣ። በመካከሉ ከተደረገው ክርክር አንዱ ዋልያ ስንት ናቸው በሚል ቁጥር ላይ ነበር። የፓርኩ ጠባቂዎች ማልደው በየገደሉ አፍ ላይ ተቀምጠው በመነጽር የሚያዩትን ይመዘግባሉ። የታየው ቁጥር ቢያንስ ይህን ያህል አሉ ይላል፤ ገደል ሥር የተጋደመችውን፣ ጉም የሸፈናትን አይጨምርም። ያልታዩትን አክሎ ጠቅላላውን ለመናገር የማየት ዕድሉ ስንት እንደሆነ መገመት ያስፈልጋል። አንድ ዓመት የታየው፣ ሌላ ዓመት የተገመተው በአንድ ግራፍ ላይ “ፖፑሌሽን” ተብለው ሲሰለፉ፣ ዋልያው የጨመረ ወይም የቀነሰ ይመስላል፤ የተለወጠው ግን ቆጣሪው የተጠቀመበት መንገድ ሊሆን ይችላል። በዚያ ግራፍ ላይ ተመርኩዞ ስለ ግጦሽና ስለ ሰፈራ ይወሰናል፤ የግጭ መንደር ሰዎች በ2016 ከፓርኩ ወጥተው ወደ ደባርቅ ሰፍረዋል። ቃሉ የሚመለከተው ሰው ብዙ ነው።

የዳባት መዝገብ የገጠመው ከባድ ፈተና ግን በ2021 መጣ። በዚያ ዓመት በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ የሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ወረዳዋ ውስጥ ገባ። በወረዳዋ ባለችው በጭና መንደር ሲቪሎች ተገደሉ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2022 ባወጣው ዘገባ በጭናና በቆቦ የተፈጸመውን ሰንዷል። ብዙ ሰው ከቤቱ ሸሸ። ቤት እየተንኳኳ የሚሠራ ሥራ ቤቱ ባዶ ሲሆን ምን ይጽፋል?

በክትትል ጥናት ውስጥ ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለ፤ ሴንሰርድ። አንድ ሰው ከእይታ ሲወጣ፣ እስከታየበት ቀን ድረስ ያለው ጊዜ ይቆጠርለታል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ይተዋል። ዴቪድ ኮክስ በ1972 ያወጣው የሃዛርድ ሞዴል በዚህ ላይ የቆመ ነው። ነገር ግን ከሥሩ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ የወጣው ሰው ከቀሩት የተለየ የመሞት አደጋ ሊኖረው አይገባም። በትምህርት ምክንያት ወደ ጎንደር የሄደ ወጣት ላይ ይህ ሊያስኬድ ይችላል። ከጥይት የሸሸች፣ በመንገድ ላይ የወለደች፣ መድኃኒቷ የተቋረጠባት እናት ላይ አያስኬድም። እሷን “ሴንሰርድ” ብሎ ማለፍ ከቀሩት ጋር አንድ ዓይነት ዕጣ ነበራት ብሎ መመስከር ነው፤ በዚያም ላይ የጦርነቱ ሞት ከስሌቱ ሾልኮ ይወጣና የዓመቱ የሞት መጠን ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይታተማል።

ስለዚህ ያን ዘመን የሚሸፍን ጥናት የሚጽፍ ሰው ከሌላው ጊዜ የበለጠ ይጠበቅበታል። ስንት ቤት መቼ እንደተዘለለ፣ ከየትኛው ቀበሌ እንደሆነ፣ መጨረሻ የታዩበት ቀን ስንት እንደነበር፣ ከተመለሱት መካከል ስለ ሞተ ዘመድ የተጠየቁት እነማን እንደሆኑ በዘዴው ክፍል ውስጥ መጻፍ አለበት። ከዚያም ስሌቱን ሁለት ጊዜ ሠርቶ፣ አንዴ የጠፉት እንደ ቀሩት ናቸው ብሎ፣ አንዴ ደግሞ የባሰ ደርሶባቸዋል ብሎ፣ ሁለቱንም ውጤት ጎን ለጎን ማሳየት ይችላል። ለዚህ ሁለት ተጨማሪ አንቀጽና አንድ ተጨማሪ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል፤ የመጽሔቶቹ የቃላት ገደብም ይህን ያህል ቦታ አይነፍግም።